ለዜና የተሰናዳ ቤት

«ቼሪን፣ የትንሿ ክፍል መስኮት ከተከፈተ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነው። ዛሬ ውጭ አቧራ አለ።»

ሱንጉም በጣቶቿ መሐል የያዘቻት ደረቅ ዓሣ ወደቀችባት። ድምፁ የልጇ ባል የኪቴ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ለስላሳ፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል ውስጥ የሚያወራ ሰው ድምፅ። ኪቴ ግን ገና ሳይነጋ ለሥራ ወጥቷል። ድምፁ የመጣው ከማቀዝቀዣው በላይ ከተሰቀለች፣ የሻይ ሰሃን ከምታህል ነጭ ነገር ነው። ቼሪን ቀና ብላ አላየችም፣ መልስም አልሰጠችም። እጇን በፎጣ ጠርጋ ሄደችና መስኮቱን ዘግታ ተመለሰች፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጋዜጣ ላይ የተዘረገፉትን ትንንሽ ዓሦች ጭንቅላት መቀንጠሷን ቀጠለች። መስኮቱን የከፈተችው ሱንጉም ናት። ሌሊት ያደረችበት ክፍል ታፍኖባት፣ ከእንቅልፏ ስትነቃ ገርበብ አድርጋው ነበር። «እኔ እኮ ነኝ የከፈትኩት፣ ለምን አልነገርሽውም?» ልትል አፏን ስትከፍት ልጇ በዓይኗ ብቻ ከለከለቻት። ሱንጉም በስድሳ ስድስት ዓመቷ፣ በጉንሳን ገበያ ሠላሳ ዓመት ደረቅ ዓሣ ስትሸጥ፣ ከደንበኛም ከፖሊስም ከሰካራምም ጋር አፍ ለአፍ ስትገጥም የኖረች ሴት ናት። ዝም በይ ተብላ ዝም ማለት አታውቅበትም። ያን ጠዋት ግን ዝም አለች።

ከወደብ ከተማዋ ከጉንሳን ልጇ ወደምትኖርበት ወደ ሱወን የመጣችው ለደስታ ነው። ኪቴ የሚሠራው በስልክ የሚታዘዙ የቤት ዕቃዎች በሚገጥም ድርጅት ውስጥ ነው። መብራቱ፣ ማሞቂያው፣ መጋረጃው፣ በሩ፣ የሩዝ ማብሰያው ሳይቀር ማንም ሳይነካው ራሱ እያሰበ የሚሠራበት የራሱ ቤት በቴሌቪዥን ዜና ሊቀርብ ነው ተባለ። ሱንጉም ይህን ስትሰማ ገበያውን ሙሉ አዳርሳ፣ ከጎኗ የምትሸጠው ሴትዮ እስክትሰለች ድረስ አውርታለች። ለእንግዶቹ ምግብ ላግዝ ብላ ሁለት ኪሎ ዓሣ በጀርባዋ ተሸክማ መጣች። የልጇ ቤት አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ይሞቃል፣ ግድግዳው ነጭ ነው፣ አንዲት ዕቃ እንኳ ያለቦታዋ አልተቀመጠችም። ቼሪን ከስታለች። በግራ እጇ ላይ ጥቁር ሰዓት አስራለች፤ ዕቃ ስታጥብም አታወልቃትም።

ሱንጉም ለሾርባው የሚሆን ጎመን ስላነሰ አብረን ገበያ እንውረድ አለቻት። ቼሪን እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ጊዜ የለም አለች። ገበያው እኮ ከታች ነው፣ ደርሶ መመለስ ነው ብትላት፣ ቼሪን ዛሬ አልችልም ብላ ደገመች፤ «ዛሬ» የሚለውን ቃል ስትናገር ወደ ማቀዝቀዣው አናት ሰረቅ አድርጋ አየች። ሱንጉም ብቻዋን ወረደች። ጎመኑ አንዱ አምስት ሺህ ዎን ሆኗል፤ ጉንሳን በዚህ ዋጋ ሁለት ይገኝ ነበርና ከሻጩ ጋር ትንሽ ተከራከረች፤ እሷም ነጋዴ መሆኗን ሲያውቅ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት መረቀላት። ልቧ ትንሽ ሞቅ ብሎላት ተመለሰች። በሩ ላይ ኪቴ ማታ በወረቀት ጽፎ የሰጣትን ስድስት ቁጥር ተጫነች። በሩ ጮኸና አልከፍትም አለ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ እያየች ደገመችው። አሁንም እምቢ አላት።

«እማማ፣ ደህና መጡ» አለ በሩ አጠገብ ካለው ሳጥን የወጣ የኪቴ ድምፅ። «ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሰው ስለሚመጣ ለጥንቃቄ ብዬ ነው። የት ቆዩ?»

ገበያ ነበርኩ አለችው። አርባ ደቂቃ መቆየቷን በትሕትና ነገራት። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም ልጄ ስትለው ሳቀ፤ ስብሰባ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንድትታገሰው፣ አሁኑኑ እንደሚከፍትላት ነገራት። ሱንጉም ጎመኑን አቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ከበሩ ማዶ የነጠላ ጫማ ኮሽታ ሰማች። ከዚያ ትንፋሽ ሰማች። ልጇ ከበሩ ጀርባ ቆማለች፤ በሁለቱ መሐል ያለው አንድ በር ብቻ ነው። ከውስጥ ለመክፈት ደግሞ ቁጥርም ስልክም አያስፈልግም፤ አንዲት ቁልፍ በጣት መጫን ነው፤ ሱንጉም ራሷ ስትወጣ ተጭናት ወጥታለች። «ቼሪን፣ ነይ ክፈችልኝ እንጂ» አለቻት። ከቆየች በኋላ፣ ከራሷ ጋር የምታወራ በሚመስል ድምፅ፣ «ትንሽ ጠብቂ እማዬ» አለች ልጅቷ። ሱንጉም ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። በሩ ላይ የሆነ ነገር ቢኖር ኖሮ፣ ቁልፉ ቢበላሽ፣ እሳት ቢነሳ እንኳ እንዲህ አትደነግጥም ነበር። ምንም የለም። በሩ ይከፈታል፤ ልጇ አትከፍተውም። መቆለፊያው አጭር ዜማ አሰምቶ በራሱ ጊዜ ሲከፈት ቼሪንን ከመክፈቻዋ አንድ ስንዝር የማይርቅ ቦታ ላይ እጇን አንጠልጥላ ቆማ አገኘቻት። ሁለቱ ጎመኑን አጠቡ፣ ሽንኩርቱን ላጡ፣ ሩዙን አጠቡ፤ ሱንጉም በሕይወቷ እንዲህ በጸጥታ ምግብ ሠርታ አታውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ኪቴ ጋዜጠኛዋንና የካሜራ ሰውየውን ይዞ ገባ። በክረምት የሚገኝ ውድ እንጆሪ በካርቶን ይዟል፤ ለአማቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ የእንግዶቹን ካፖርት ራሱ ተቀብሎ ሰቀለ። መልከ መልካም፣ ንጹሕ ሰው ነው። ጋዜጠኛዋ ባንግ ሶል ትባላለች፤ ሳቂታ፣ ፈጣን፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ቤቱን የወደደች ሴት። ኪቴ ስልኩን ይዞ ከክፍል ክፍል አዞራቸው። ጠዋት ሚስቱ ስትነቃ መጋረጃው እንደሚገለጥ፣ ሌሊት ስትነሳ መብራት እግሯን እየተከተለ እንደሚበራላት፣ ዘይት ምጣድ ላይ ረስታ ብትሄድ ምድጃው እንደሚጠፋ አሳየ። የልቧ ምት ሲጨምር ሰዓቷ ለቤቱ ትናገራለች፣ ቤቱ ብርሃኑን ያለሰልሳል፣ ለእሱም መልእክት ይደርሰዋል። «ወይ መታደል» አለች ባንግ ሶል፤ «የኔ ባል ስደውልለት እንኳ ስልኩን አያነሳም።» የካሜራ ሰውየው ሳቀ። ኪቴም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ቼሪን ሁሉም ከሳቁ በኋላ ሳቀች።

ከዚያ ኪቴ የስልኩን ገጽ ለካሜራው አቀረበ። ቀኑ ከጠዋት እስከዚያች ደቂቃ እንደ ክር ተዘርግቷል፤ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ አልጋ፣ መስኮት፣ እያንዳንዱ ከነደቂቃው። ሱንጉም እንጆሪውን በሰሃን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። መነጽሯን አላደረገችም፤ ግን ማየት አላስፈለጋትም፤ ጋዜጠኛዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «የውጭ በር፣ ቼሪን፦ አሥራ ዘጠኝ ቀን። ይሄ ምንድን ነው? ከቤት ካልወጣሽ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖሻል ማለት ነው?» ቼሪን ቤት ውስጥ መሆን እንደሚመቻት፣ ድሮም ቤት ወዳድ እንደነበረች ተናገረች። ድሮ። ቼሪን በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጉንሳን ወደብ ላይ በብስክሌት ስትዞር ከመምሸቱ በፊት ቤት ገብታ አታውቅም። ጋዜጠኛዋ እንዲህ ዓይነት ቤት ቢኖረኝ እኔም አልወጣም ነበር አለች። ሱንጉም የእንጆሪውን ሰሃን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ካሜራው ወደ እሷ ዞረ። ልጅዎት እንዲህ ባለ ቤት ስትኖር ሲያዩ ምን ይሰማዎታል እማማ ተባለች። ኪቴ ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል። ቼሪን ወለሉን ታያለች። ሱንጉም የምትለውን ታውቅ ነበር፤ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። እዚህ አፍረጥርጣው ወጥታ ጉንሳን ብትሄድ ግን፣ እንግዶቹም ቢሄዱ፣ በሩም ቢዘጋ፣ ከቼሪን ጋር የሚቀረው ማን ነው? «ይሞቃል» አለች። «ቤቱ ይሞቃል።» ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ሳቁ። በዚያች ቃል ከዚያ በኋላም ስታፍር ኖራለች።

ሊጨርሱ ሲሉ የካሜራ ሰውየው አንድ ምስል ጎደለኝ አለ፤ ሚስት ከገበያ ዕቃ ይዛ ስትመጣ፣ በሩ አውቋት ራሱ ሲከፈትላት። እሱ ከውስጥ ሆኖ ይቀርጻል። ኪቴ ፈጠን ብሎ እኔ ወጥቼ ልግባ አለ። ባንግ ሶል ግን ፕሮግራሙን የሚያዩት ሴቶች ናቸው፣ ሚስትዮዋ ትሻላለች አለችው። ኪቴ ስልኩን አየ፣ ቼሪንን አየ፣ ሰዎቹን አየ፤ እሺ አለ። ወረቀት የተጠቀጠቀበት የገበያ ከረጢት ከላዩ የሽንኩርት ቅጠል ተሰክቶበት ተሰጣት። ሱንጉም በዚያች ቅጽበት የዓሣ ገበያ ድምፅዋን አወጣች። «ዕቃውን የምታግዛት እናቷ ብትሆን አያምርም? እኔም አንዴ በቴሌቪዥን ልታይ እንጂ፣ ጎረቤቶቼ ምን ይሉኛል?» ጋዜጠኛዋ በጣም ወደደችው። እናትና ልጅ ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ ከውስጥ ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ሱንጉም ከረጢቱን ከልጇ እጅ ወስዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ምን እንደምትላት አላወቀችም፤ ክንዷን ይዛ ወደ ሊፍቱ ብቻ አመለከተቻት። ቼሪን ራሷን ነቀነቀች። ሱንጉም እምቢ ያለቻት መሰላት።

«ሊፍቱን በስልኩ ያዘዋል» አለች ቼሪን በሹክሹክታ። «በደረጃው ነው የሚሻለው።»

ልጅቷ ይህን ስንት ጊዜ አስባው ኖሯል። ሱንጉም ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ የብረት በሩን ገፍተው ገቡ። ደረጃው ቀዝቃዛ ነው፣ የሲሚንቶ ሽታ አለው። የቼሪን የቤት ነጠላ ጫማ በየደረጃው ጠፍ ጠፍ ሲል ድምፁ እስከ ምድር ቤት ይወርዳል። አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ። የሱንጉም ጉልበት ውስጥ መርፌ የሚወጋ ይመስላል። አሥረኛው ፎቅ ላይ የቼሪን ሰዓት ነዘረች። «ቼሪን፣ ዝግጁ ነን፣ ግቢ» አለ የኪቴ ድምፅ ከሰዓቷ ውስጥ። ወረዱ። ዘጠነኛው ላይ እንደገና። «ቼሪን፣ ደረጃ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» ድምፁ አልጨመረም፣ አልተቆጣም። ቼሪን እንደ ተጠራ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ ወረቀት መሰለ።

«እመለሳለሁ እማዬ» አለች። «ሰው ፊት ላዋርደው አይገባም። ሌላ ቀን እመጣለሁ። ማታ የሚለኝን አታውቂም።»

ሱንጉም እጇ ልጇን ሊጎትት ተነስቶ ነበር። ደግሞ መለሰችው፤ ይህችን ልጅ ወዲህ ሂጂ ወዲያ ሂጂ የሚላት ሰው አላጣችም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «አልጎትትሽም» አለቻት። «ከተመለስሽ አብሬሽ እመለሳለሁ፣ ከወረድሽም አብሬሽ እወርዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጠዋት በሩን ለምን አልከፈትሽልኝም?»

የቼሪን ሰዓት ለሦስተኛ ጊዜ ነዘረች፤ ሁለቱም ሰዓቷን አላዩም። «ልከፍትልሽ ነበር» አለች። «እጄ እምቢ አለኝ።» ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ከሌላ አፍ እንደሰማችው ሁሉ፣ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ገልብጣ አየችው። ሰዓቷን ለማውለቅ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ማሰሪያው ሥር ቆዳዋ ነጥቶ ተሸብሽቧል። ደረጃው ላይ ቀስ አድርጋ፣ እንቁላል እንደምታስቀምጥ አስቀመጠቻትና መውረድ ጀመረች። አሁን የምትቀድመው እሷ ናት። ከላይ የብረት በር ሲከፈት ተሰማ፤ የኪቴ ድምፅ በደረጃው መሐል ተንደርድሮ መጣባቸው። «እማማ፣ ጉልበትዎን እንዳያመው ቀስ ይበሉ።» የተጨነቀ ልጅ ድምፅ ነው፤ ማንም ጎረቤት ቢሰማው ይመርቀዋል። ሱንጉም ይህን ስትሰማ ሁለት ሁለት ደረጃ ዘለለች። ምድር ሲደርሱ ሊፍቱ ላይ ያለው ቁጥር ይወርዳል፤ ስድስት፣ አምስት፣ አራት። የሕንፃው የመስታወት በር ተከፈተላቸው፣ የበረዶው ብርድ ፊታቸውን መታቸው፤ ልጅ ያወረደ ታክሲ በሩን ገና አልዘጋም ነበር። ሱንጉም ልጇን ወደ ውስጥ ገፍታ ከላይዋ ወደቀችባት። ዞራ ስታይ ኪቴ ካፖርት ሳይደርብ የመስታወቱ በር ላይ ቆሟል። አልሮጠም። ቆሞ ስልኩን ያያል።

አውቶቡስ ተራ ሲደርሱ ሱንጉም እስኪወጣላት ልትተነፍስ አስባ ነበር፤ አልቻለችም። ለቼሪን ከበረንዳው ሱቅ የሱፍ ካልሲ ገዛችላት፤ የጉንሳን ትኬት ለመቁረጥ ወረፋ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። ኪቴ ነው። ማንሳት አልፈለገችም፤ ጩኸቱን ማጥፋት ግን ስለማታውቅበት፣ ሰዉም ስላያት፣ አነሳችው።

«እማማ፣ ሰባት ቁጥር በር ጋ ብርድ ነው» አላት። «ቼሪንም ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው። ወደ ውስጥ ገብታችሁ ጠብቁኝ፣ ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጅብኝ።»

ሱንጉም ቀና ብላ አየች። ከራሷ በላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ሰባት ነው። ስልኩን እሱ ራሱ ነው ለበዓል የገዛላት፣ እሱ ራሱ ነው ያስተካከለላት፤ ለገበያው ሁሉ የልጄ ባል ብላ ያሳየችው ስልክ ነው። ቼሪን የእናቷን ፊት አይታ ምንም ሳትጠይቅ ስልኩን ከእጇ ወሰደችና ጎኑን ጥርቅም አድርጋ ይዛ አጠፋችው። ከዚያ ሁለቱም የጉንሳንን ትኬት መስኮት አዩ። ጉንሳን የት እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ በየበዓሉ መጥቶ ያደረበት ቤት ነው፤ ገበያውን ያውቃል፣ ወንበሯን ያውቃል። ሱንጉም በስድሳ ስድስት ዓመቷ እሱ የማያውቀው አንድ ቦታ፣ አንድ ጓደኛ ፈልጋ በሐሳቧ ዞረች፤ አላገኘችም። ከአውቶቡስ ተራው ማዶ የፖሊስ ጣቢያ ሰማያዊ ምልክት ነበር። መንገዱን እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩ።

ጣቢያው ውስጥ የነበረው ፖሊስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ጎልማሳ፣ ደግ የሚመስል ሰው ነው። የቼሪንን እግር አይቶ ማሞቂያውን በእግሩ ወደ እሷ ገፋላትና ወረቀት አወጣ። ባልሽ መታሽ ወይ አላት። አልመታኝም አለች። ሰድቦሽስ? አይሳደብም። ገንዘብ ከልክሎሽ? የጠየቅሁትን ይሰጠኛል። ቆልፎብሽ ነበር? ቼሪን ትንሽ አሰበችና በሩ ከውስጥ በአንድ ጣት እንደሚከፈት ነገረችው። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚጽፈው ስላጣ ነው። «ታዲያ እህቴ፣ ምን አደረገሽ?»

ሱንጉም መልሱን ልትጮኽለት ፈለገች። እሷ ግን ምን ብላ? ቤቱ ይሞቃል ብላ ለአገር የመሰከረች ራሷ ናት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። ኪቴ ካለው ሃያ ደቂቃ ስንቱ እንዳለፈ አላወቀችም።

«እናቴ ስትደውልልኝ» አለች ቼሪን፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «የሁለታችንንም ድምፅ እሱ ይሰማል። ስንጨርስ ያልኩትን መልሶ ያሰማኛል። ይሄን ስትይ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው ይለኛል። ስለዚህ ደህና ነኝ ብቻ እላታለሁ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር፣ ደህና ነኝ ብቻ ነው ያልኳት።» ፖሊሱን ቀና ብላ አየችው። «ከየት ልጀምርልዎት?»

ሱንጉም በእነዚያ ወራት ልጇ ወሬ የምታሳጥርባት ስለኮራችባት፣ ከተሜ ስለሆነች፣ የዓሣ ነጋዴ እናት ስላሳፈረቻት መስሏት ነበር። አንድ ጊዜ ተቀይማ ለሁለት ሳምንት ሳትደውልላት ቀርታለች። አሁን ልትነካት እጇን ዘርግታ መሐል ላይ ተወችው፤ ልጅቷ መናገር ጀምራለችና እንዳታቋርጣት ፈራች።

ፖሊሱ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። «ከፈለግሽው ጀምሪ» አላትና ብዕሩን እንደገና አነሳ።

ቼሪን ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ትናገር ጀመር። ሱንጉም ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ ወንበሯን አንስታ በልጇና በመንገዱ በኩል ባለው የመስታወት በር መሐል አስቀመጠችውና ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች።